የአባይን ልጅ ውሃ እንዳይጠማው፦ ለቂርያት ጋት መሪዎች

ገና ጎህ ሳይቀድ በቂርያት ጋት ፌርማታዎች ላይ የሚቆመውን ሰው ልብ ብሎ ያየ፣ የከተማዋን ኢኮኖሚ ያለ ጥናት ወረቀት ይረዳዋል። ሹራብ ደርበው ነጠላ ጣል ያደረጉ እናቶች፣ የጥበቃ ልብስ የለበሱ አባቶች፣ ዓይናቸው ገና በእንቅልፍ የተያዘ ወጣቶች አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ለጽዳት፣ ለጥበቃ፣ ለማሸጊያ ቤት ሥራ ነው የሚሄዱት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ባቡሩ ከሰሜን ይመጣል። ከእሱ የሚወርዱት ባጅ ያንጠለጠሉ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ናቸው። ማታ ሁለቱም ይመለሳሉ፤ አንዱ ደመወዙን ይዞ ወደ ማዕከላዊው አገር፣ ሌላው ድካሙን ይዞ ወደ ሰፈሩ።

አባቶቻችን «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላሉ። በአገሪቱ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች ሁሉ ትልቅ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው አንዱ ከቤቱ መስኮት እየታየው፣ ልጁ ከሠራዊት ተመልሶ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድበት አባት ይህን ተረት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ታዲያ ጥያቄያችን ቀላል ነው። የቂርያት ጋት ከንቲባና የከተማው ምክር ቤት ለነዋሪው የኢኮኖሚ ዕድል ለመፍጠር ምን ማድረግ ይችላሉ? «መንግሥት ምን ያድርግ?» አላልንም፤ እሱ ሌላ ጊዜ ይነሳል። የምንጠይቀው በእናንተ እጅ ስላለው ነገር ነው።

መጀመሪያ ወደ ኋላ እንይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቂርያት ጋት በ1950ዎቹ አጋማሽ ስትቆረቆር እንዲያው በዘፈቀደ የተወረወረች ከተማ አልነበረችም። ሎቫ ኤሊያቭ ይመሩት የነበረው የላኪሽ አካባቢ የሰፈራ ዕቅድ አንድ ግልጽ ሐሳብ ነበረው፦ በዙሪያው ያሉ ሞሻቮችና ኪቡጾች ያመርታሉ፣ ከተማዋ ምርታቸውን ትፈበርካለች። ጥጥ ከማሳው ወደ መዳመጫው፣ የስኳር ቀይ ሥር ወደ ስኳር ፋብሪካው ይሄድ ነበር። ዛሬ በየቤታችን የምንገዛው «ሱጋት» ስሙን ያገኘው «ሱካር» እና «ጋት» ከሚሉት ቃላት ነው። መጀመሪያ የመጡት ጥቂት የሞሮኮ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከዚያ ከሌላውም አገር ተጨመረ። ሥራው ከባድ፣ ደመወዙም ትንሽ ነበር። ነገር ግን ከተማዋና አካባቢዋ በአንድ ገመድ የተሳሰሩ ነበሩ።

ቀጥሎ የጨርቃ ጨርቅ ዘመን መጣ። በ1960ዎቹ ፖልጋት ተተከለ፤ ባጊርን የመሰሉ የልብስ ስፌት ድርጅቶችም በከተማዋ ሠሩ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ እናት፣ ልጅና አክስት በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩበት ጊዜ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ስፌቱ ርካሽ ጉልበት ወዳለባቸው አገሮች፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ ሸሸ። ፖልጋት ተዳከመ፣ በኋላም ተዘጋ። ዛሬ ፋብሪካው የለም፤ በመሥራቹ በእስራኤል ፖላክ ስም የተሰየመው ጎዳና ግን አለ። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፦ ባጊር በ2010ዎቹ በአዳማ ካለው የናዝሬት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ድርሻ ገዝቶ ነበር። እኛ ከኢትዮጵያ ወደ ቂርያት ጋት መጣን፣ የቂርያት ጋት ስፌት ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። በመንገድ ላይ ተላለፍን ማለት ነው።

ሦስተኛው ዘመን የኢንቴል ነው። የመጀመሪያው ፋብሪካ፣ ፋብ 18፣ በ1999 ሥራ ጀመረ። ፋብ 28 በ2008 ተከተለ። ሁለቱም በመንግሥት ከፍተኛ የገንዘብ ድጋፍ የተሠሩ ናቸው። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ፣ በጦርነቱ መሐል፣ መንግሥት ለኢንቴል 3.2 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ለመስጠት መስማማቱ ተነገረ፤ ኢንቴል በበኩሉ በጠቅላላው 25 ቢሊዮን ዶላር ሊያፈስና በአሥር ዓመት ውስጥ ከእስራኤል አቅራቢዎች የ60 ቢሊዮን ሼቄል ዕቃና አገልግሎት ሊገዛ ቃል ገባ። ከተማዋ ተደሰተች። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ 2024፣ የማስፋፊያው ግንባታ መቆሙ ተሰማ። በነሐሴም ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 15,000 ያህል ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ውሳኔው በካሊፎርኒያ ተወሰነ፣ የተጨነቀው ግን የቂርያት ጋት ተቋራጭ፣ የምግብ አቅራቢና የክሬን ሾፌር ነው።

ይህን ታሪክ የምንዘረዝረው ኢንቴልን ለመውቀስ አይደለም። ኢንቴል ባይኖር ከተማዋ ዛሬ ካለችበት በብዙ ታንስ ነበር። የከተማዋ ልጆችም እዚያ ይሠራሉ፤ እንኳንም ሠሩ። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ያው ነገር ታይቷል፦ ትልቅ ፋብሪካ ይመጣል፣ ከተማዋ ሙሉ ክብደቷን እሱ ላይ ትጥላለች፣ ከዚያ የዓለም ገበያ ይዞርና ከተማዋ ትንገዳገዳለች።

የሐዋሳን ታሪክ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ያውቀዋል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ከገጠር ወደዚያ ጎረፉ። በኅዳር 2021 ዋነኛው ኩባንያ ፒቪኤች ለቅቆ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ብዙዎቹ ልጆች በአንድ ጀምበር ያለ ሥራ ቀሩ። የኪራይ ቤት ለመክፈል፣ ወደ አገራቸው ለመመለሻ እንኳ የተቸገሩ ነበሩ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም፤ ከተማዋ ሁለተኛ እግር አልነበራትም እንጂ።

ቂርያት ጋት ሁለተኛ እግር ያስፈልጋታል። ሁለተኛው እግር ደግሞ የራሷ ሰው ነው። አሁን ከ60,000 በላይ ነዋሪ አላት፤ በካርሜ ጋት በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተው ወጣት ቤተሰቦች እየገቡባቸው ነው። ከጥቅምት 7 በኋላ ቤታቸው የፈረሰባቸውን የኒር ዖዝ ሰዎች የተቀበለችው ይህችው ከተማ ናት። በጥቅምት 2025 ደግሞ የጋዛን የተኩስ አቁም የሚከታተለው በአሜሪካ የሚመራው የማስተባበሪያ ማዕከል እዚሁ ተከፈተ። እንግዳ መቀበል መልካም ነው። ሆኖም እንግዳ ይመጣል ይሄዳል፤ ከተማ በእንግዳ ላይ አይገነባም።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛ አቅም የለንም» የሚል መልስ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከኢሪያ፣ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። ከንቲባ አርኖናን እንደ ልቡ መቀነስ አይችልም፤ ከመደበኛው ማስተካከያ ውጭ ለመለወጥ የአገር ውስጥና የገንዘብ ሚኒስትሮች ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለመኖሪያ ቤት የሚከፈለው አርኖና ከተማው ለነዋሪው የሚያወጣውን እንደማይሸፍን፣ ከንግድና ከፋብሪካ የሚገኘው ግን ትርፍ እንዳለው ሁሉም ከንቲባ ያውቃል። በ2023 የጸደቀው የአርኖና ፈንድ ሕግ ደግሞ ከተሞች ከአዲስ የንግድ ቦታ ከሚያገኙት ገቢ ከፊሉን ወደ ጋራ ካዝና እንዲያስገቡ ያዛል። ይህ ሁሉ እጅ ያስራል።

ግን ሙሉ በሙሉ አያስርም። ከተማው ራሱ ቀጣሪ ነው። ከተማው ራሱ ገዢ ነው። የንግድ ፈቃድ ሰጪው እሱ ነው። ትምህርት ቤቱን፣ መዋዕለ ሕፃናቱን፣ የሰፈሩን ሱቅ፣ የአውቶቡሱን መስመር በተመለከተ ወይ ይወስናል ወይ ድምፁ ይሰማል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ከራሳችሁ ቤት ጀምሩ። ክኔሴት በ2011 ባጸደቀው ሕግ የኢትዮጵያ ተወላጆች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በማዘጋጃ ቤቶች ጭምር ተገቢ ውክልና እንዲኖራቸው ተደንግጓል። ቂርያት ጋት ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባቸው የአገሪቱ ከተሞች አንዷ ናት። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ አንድ ገጽ ያውጣ፦ ስንት የማኅበረሰባችን ልጆች ተቀጥረዋል፣ በምን ደረጃ፣ በየትኛው ክፍል? ሁሉም በ«ኢትዮጵያውያን ጉዳይ» ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ከሆነ ውክልና አይባልም። በምህንድስና ክፍል፣ በሒሳብ ክፍል፣ በጨረታ ኮሚቴ፣ በትምህርት አስተዳደር ውስጥ ስንት አሉ? ቁጥሩ መልካም ከሆነ አብረን እንኮራለን። ካልሆነም ከየት መጀመር እንዳለብን እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ የቃብላን ነገር። የትምህርት ቤት ጽዳት፣ የጥበቃ፣ የመናፈሻ ሥራ በተቋራጭ በኩል ሲሰጥ፣ ሠራተኛዋ ስድስት ዓመት እዚያው ትምህርት ቤት ሠርታ ተቋራጩ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ትቆጠራለች። በሚያዝያ 2025 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,247 ሼቄል ሆኖ ነበር፤ ብዙዎቹ ከዝቅተኛው ደመወዝ ፈቅ አይሉም። ማዘጋጃ ቤቱ እነዚህን ሠራተኞች ደረጃ በደረጃ በቀጥታ ቢቀጥር ወጪው ትንሽ ከፍ ይል ይሆናል። ግን ያ ገንዘብ የት ይሄዳል? እዚያው ሰፈር ካለው መኮሌት፣ ፀጉር ቤትና ዳቦ ቤት ነው የሚውለው። የተቋራጩ ትርፍ ግን ከተማዋን አያውቃትም። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማድረግ ካልተቻለ ከትምህርት ቤቶች ይጀመር።

ሦስተኛ፣ የከተማው ግዢ። ማዘጋጃ ቤት በየዓመቱ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ጥገና፣ ማተሚያ፣ የበዓል ዝግጅት ይገዛል። ጨረታው ግን ብዙ ጊዜ ትልቅ ድርጅት ብቻ የሚያሟላው ተደርጎ ይጻፋል፦ ከፍተኛ የባንክ ዋስትና፣ የብዙ ዓመት ልምድ፣ ብዙ ሠራተኛ። አንድ ሚኒባስ ያለው አቶ እገሌ ወይም ለሠርግና ለባር ሚጽቫ ምግብ የምታዘጋጅ እመቤት ገና ከመጀመሪያው ገጽ ትወድቃለች። ሕጉን ሳይጥሱ ጨረታውን በትንንሽ ክፍል መከፋፈል፣ ከጨረታ በታች ለሆኑ ግዢዎች የአካባቢ አቅራቢዎችን ዝርዝር ከፍቶ በየተራ መጠየቅ፣ ማስታወቂያውንም በቀላል ዕብራይስጥ፣ በአማርኛና በሩሲያኛ ማውጣት ይቻላል። ከዚያም በሰዓቱ መክፈል። የ2017 የአቅራቢዎች ክፍያ ሕግ በመደበኛው የ45 ቀን ገደብ አስቀምጧል። ለትልቅ ድርጅት የሁለት ወር መዘግየት ራስ ምታት ነው፤ ለትንሽ ነጋዴ ግን መዘጋት ነው።

ኢንቴል ከአገር ውስጥ ለመግዛት ስለገባው 60 ቢሊዮን ሼቄልም እንዲሁ። ግንባታው ሲቀጥልም ሆነ ሲዘገይ፣ የሚሠራው ፋብሪካ በየቀኑ ይበላል፣ ይጸዳል፣ ይጠገናል፣ ይጓጓዛል። ከተማው አንድ ሰው መድቦ «ምን ትገዛላችሁ? ከዚህ ውስጥ የእኛ ሰዎች ምን ሊያቀርቡ ይችላሉ? ምን ይጎድላቸዋል?» ብሎ በየሦስት ወሩ ከኢንቴል፣ ከኤችፒ ኢንዲጎ፣ ከሱጋትና ከሌሎቹ ጋር ይቀመጥ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስልክና ወንበር ነው የሚጠይቀው።

አራተኛ፣ ሥልጠና። ፋብሪካው መሐንዲስ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ሃንደሳይ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የማሽን ቴክኒሻን፣ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ይፈልጋል። እነዚህ ሙያዎች በሁለት ዓመት የሚጨረሱ፣ ከዝቅተኛው ደመወዝ በላይ የሚከፈልባቸው፣ ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ ሰውየው ይዟቸው የሚሄዳቸው ናቸው። ከሠራዊት የወጣው ልጅ ግን ለመማር ቴል አቪቭ ወይም ቢር ሸቫ ቤት መከራየት ካለበት ነገሩ እዚያው ያበቃል። የቂርያት ጋት የባቡር ጣቢያ ወደ ቢር ሸቫ የሚወስደው መስመር ላይ ነው። ቢር ሸቫ ከ2013 ጀምሮ የቴክኖሎጂ ፓርኳን ከዩኒቨርሲቲውና ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሠርታ፣ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በእግሩ ወደ ሥራ እንዲገባ አድርጋለች። ቂርያት ጋት ዩኒቨርሲቲ የላትም፤ ፋብሪካዎቹ ግን አሏት። የማታ የሙያ ክፍል በከተማዋ ይከፈት፤ ከፋብሪካዎቹም ጋር «ይህን ያህል ሰው ካሠለጠንን ይህን ያህሉን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ትጠራላችሁ» የሚል የተጻፈ ስምምነት ይደረግ። ቃለ መጠይቅ ነው ያልነው፤ ችሮታ አላልንም።

ይህ እንደሚሆን የራሳችን ሰዎች አሳይተዋል። ቴክ ካሪየር የተባለው ድርጅት በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቤተ እስራኤል ልጆች ተመሥርቶ ወጣቶችን ወደ ሃይ ቴክ ሲያስገባ ኖሯል። ኦሊም በያሃድ ደግሞ ዲግሪ ይዘው ከሙያቸው ውጭ የሚሠሩ ምሩቃንን ከቀጣሪዎች ጋር ያገናኛል። ችግሩ የጭንቅላት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ችግሩ የበር ነው።

በዚህ ላይ ሥራው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ሊጀመር አይገባም። በድሮዎቹ ሰፈሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች የአምስት ነጥብ ሒሳብና የፊዚክስ ክፍል ከሌላቸው፣ ልጃችን በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው ከኢንቴል በር የተመለሰው፤ እኛ የምናውቀው ግን በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

አምስተኛ፣ ትንንሽ ንግድ። የኢኮኖሚ ሚኒስቴር የአነስተኛና መካከለኛ ንግዶች ኤጀንሲ «ማኦፍ» በሚባሉ ማዕከሎቹ ምክርና ሥልጠና ይሰጣል፤ በመንግሥት ዋስትና የሚሰጥ የብድር ፈንድም አለ። ስንቶቻችን እናውቃለን? ቤቷ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩ የምትሸጥ እናት ነጋዴ መሆኗን እንኳ አታውቅም፤ የንግድ ፈቃድ፣ የጤና ሚኒስቴር፣ የካሽሩት፣ የግብር ወረቀት ሲባል ደግሞ ትፈራለች። ፍርሃቷ ትክክል ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን አማርኛ የሚናገር ባለሙያ የተቀመጠበት አንድ መስኮት ይክፈት፤ ከወረቀት እስከ ብድር አብሯት ይሂድ። ከዚያም ፈቃድ ያለው የጋራ ኩሽና ያዘጋጅ። ባዶ የቆመ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና የአየር ማስወጫ ተገጥሞ፣ አምስት ስድስት ሴቶች በሰዓት እየተከራዩ ቢሠሩበት፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሊያሟሉት የማይችሉትን ደንብ አብረው ያሟሉታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር እንበል። ቤተ እስራኤል በጎንደር አካባቢ ርስት በተከለከለበት ዘመን በእጁ ሥራ የኖረ ሕዝብ ነው። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ግንበኛው፣ በወለቃ ሸክላ የምትሠራው እናት ሁሉ የራሳቸው ጌታ ነበሩ። ወደዚህ ስንመጣ «ሙያ የላቸውም» ተብለን ተመዘገብን። ሙያ ነበረን፤ የጠየቀን ግን አልነበረም። ዛሬ አንድ ከተማ ለእጅ ሥራ ቦታና ገበያ ቢሰጥ፣ ለቱሪስት ማሳያ ብቻ ሳይሆን ለእውነተኛ ንግድ ማለታችን ነው፣ የቀረ ሒሳብ ከፈለ እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረም።

ስድስተኛ፣ የሕፃናት ሰዓት። ይህን የኢኮኖሚ ጉዳይ አድርጎ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። የፋብሪካ ፈረቃ ከጠዋቱ ቀድሞ ይጀምራል፤ መዋዕለ ሕፃናት ግን ዘግይቶ ይከፈታል። ጻሃሮኑም ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይዘጋል። ስለዚህ እናት ፈረቃውን ትተዋለች፣ ወይም ልጁን አያት ትይዛለች፣ ወይም የአሥር ዓመት እህት። ከተማው ቢያንስ በሁለት ሰፈር ቀድሞ የሚከፈትና ዘግይቶ የሚዘጋ ማቆያ ቢጀምር፣ ከየትኛውም የሥራ አውደ ርዕይ የበለጠ ሰው ሥራ ያስገባል።

ሰባተኛ፣ አንድ ከተማ ሁለት እንዳይሆን። ካርሜ ጋት ሰፊ መንገድ፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ ብርሃን ያለበት መናፈሻ አላት። ጥሩ ነው፤ ወጣት ቤተሰብ ሲመጣ ገበያም ይመጣል። ነገር ግን አዲሱ ገንዘብ እዚያው በአዲሱ የገበያ ማዕከል ብቻ የሚዞር ከሆነ፣ በድሮው ከተማ ያሉት ሱቆች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። በድሮው ማዕከል የተዘጉ ሱቆችን ለሚከፍቱ ጀማሪዎች በማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ላይ ዝቅተኛ ኪራይ፣ በሳምንት አንድ ቀን የመንገድ ገበያ፣ ሁለቱን ክፍሎች በየአሥራ አምስት ደቂቃው የሚያገናኝ አውቶቡስ ይኑር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ከትራንስፖርት ሚኒስቴር አጥብቆ ይጠይቅ። የድሮ ሕንፃዎች ፈርሰው ሲታደሱም ባለቤቱና ተከራዩ ከሰፈራቸው እንዳይገፉ ከወዲሁ ይታሰብበት።

አሁን ተቃውሞውን እንስማ። «ለምን ለአንድ ማኅበረሰብ ልዩ ነገር?» የሚል አለ። ከላይ የዘረዘርነውን ደግሞ ያንብብ። በቃብላን የምትሠራው ሠራተኛ ሩሲያኛም፣ ሞሮኮኛም፣ ጆርጂያኛም ትናገራለች። ፈረቃ የሚያመልጣት እናት የሁሉም ናት። በትንንሽ የተከፈለ ጨረታ የሁሉንም ትንሽ ነጋዴ ይጠቅማል። የኛን ስም የምንጠራው በሕጉ ስለተጠራና ከወረፋው መጨረሻ የቆምን ስለሆንን ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚልም አለ። ከሰባቱ አብዛኞቹ አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም፤ ውሳኔና ክትትል ነው የሚጠይቁት። «ጦርነት ነው፣ ጊዜው አይደለም» ለሚለውም እንዲህ እንላለን፦ የሚሉዊም ጥሪ በተደጋገመባቸው ወራት ሱቁን ዘግቶ የሄደው ማን ነው? የጋዛ አካባቢን መልሶ ለመገንባት በተኩማ በኩል ቢሊዮኖች ተመድበዋል። ቂርያት ጋት ከዚያ ክልል ውጭ ብትሆንም ቅርብ ናት፤ ቀለም ቀቢው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ የዕቃ መኪና ባለቤቱ እዚህ አለ። የሰለጠነና ፈቃድ የያዘ ከሆነ ሥራው ይደርሰዋል፤ ካልሆነ ሌላ ከተማ ይወስደዋል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን። ከንቲባው ብቻውን አይደለም የሚጠየቀው። የምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ስንቶቻችን ገብተን ተቀምጠናል? በየካቲት 2024 ምርጫ ጊዜ ቤታችን የመጡት ተወዳዳሪዎች የገቡትን ቃል ስንቶቻችን ጽፈን አስቀመጥን? በሰርግና በለቅሶ በመቶዎች የምንሰበሰብ ሰዎች፣ የከተማው በጀት ሲጸድቅ ሦስት ሆነን እንኳ አንቀርብም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ተብሏል። ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን ክብራቸው ይሰማል፤ ወጣቶቹ ሕጉንና ቋንቋውን ያውቃሉ። ሁለቱ አብረው ቢገቡ የሚዘጋባቸው በር የለም። ዕቁብ የመሠረተ ሕዝብ የንግድ ማኅበር መመሥረት አያቅተውም። የማንም ፓርቲ ጭራ ሳይሆን፣ ሒሳቡን ለአባላቱ የሚያሳይ ማኅበር ይሁን።

ክቡር ከንቲባ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፤ የከተማው የበጀት ዓመት በጥር ይጀምራል። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር ብቻ እንጠይቃለን። የቅጥሩን ቁጥር የያዘውን አንድ ገጽ አውጡ። የሁለት ትምህርት ቤቶችን የጽዳት ሠራተኞች በቀጥታ ቅጠሩ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚከፈተውን መስኮት ክፈቱ። ሌላውን ከዚያ እንነጋገራለን።

ቀጣዩ ትልቅ ፋብሪካ ይምጣ አይምጣ በካሊፎርኒያና በኢየሩሳሌም ይወሰናል። እነዚህ ሦስቱ ግን በቂርያት ጋት ማዘጋጃ ቤት፣ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ይወሰናሉ። ጎህ ሳይቀድ ፌርማታው ላይ የቆሙት እናት መልሱን እየጠበቁ ነው። አውቶቡሱም ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ እናንተ አትዘግዩባቸው።